ሰርቨሩ ጀርመን፣ ደንበኛው ቦንጋ

በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቆ ወደ ካፋ የተመለሰ ወጣት የመንግሥት ቅጥር ቶሎ አያገኝም። የራሱን ሥራ ለመጀመር ሲያወጣና ሲያወርድ ዌብ ሆስቲንግ ዓይኑን መሳቡ አይቀርም። ሱቅ መከራየት የለበትም፣ ዕቃ ማከማቸት የለበትም፣ ገቢውም በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሥራው የድርጅቶችን ዌብሳይትና ኢሜይል ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ አስቀምጦ ማስተዳደር ነው፤ ኮምፒውተሩ የትም ይሁን የት፣ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ሰው በካፋ ከተማ በቦንጋ ተቀምጦ ሊያዘው ይችላል። ዓለምን የያዙ ኩባንያዎች፣ ኢትዮ ቴሌኮምና የአዲስ አበባ አቅራቢዎች በተሰለፉበት ገበያ ግን ከቦንጋ የሚነሳ ትንሽ ድርጅት ቦታ ይኖረው ይሆን?

ግምገማዬን ከመነሻው ላስቀምጥ። የዲስክ ቦታና የሰርቨር ጉልበት በመሸጥ ከቦንጋ ተነስቶ ማንንም መርታት አይቻልም፤ ያ ውድድር ካለቀ ቆይቷል። የደንበኛን ስም፣ ኢሜይልና መረጃ በኃላፊነት ተረክቦ፣ በብር እያስከፈሉ መጠበቅ ግን ግዙፎቹ የማይሠሩት፣ ለካፋ ድርጅቶች የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ጀማሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለውም የተፎካካሪው ብርታት ብቻ አይደለም፤ የዶላር ሒሳብና የደንበኛ ማነስ ይቀድማሉ።

ግዙፎቹ በምን ይበልጣሉ

ጎዳዲና የጀርመኑ ሄትዝነር እ.ኤ.አ. በ1997፣ የፈረንሳዩ ኦቪኤች በ1999፣ ብሉሆስት በ2003 የተመሠረቱ ናቸው። በዚህ ገበያ ትንሹ በትልቁ መዋጡም የተለመደ ነው። ኢንዱራንስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብሉሆስትን በ2010፣ ሆስትጌተርን በ2012 ገዛ፤ በ2021 ደግሞ ራሱ ከሌላ ትልቅ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ኒውፎልድ ዲጂታል ሆነ። ደንበኛው የተለያየ ስም እያየ የሚያማርጥ ይመስለዋል፤ ከብዙዎቹ ስሞች በስተጀርባ ያለው ባለቤት ግን አንድ ነው።

አሠራራቸውን ላስተዋለ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በጣም አርክሰው ይሸጡና በእድሳቱ ጊዜ ዋጋውን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ያደርጉታል። የዌብሳይቱን ስም፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ለአንድ ዓመት በነጻ ይሰጣሉ። የዶት ኮም ስሞችን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን ለእያንዳንዱ ስም ከመዝጋቢ ድርጅቶች የሚቀበለውን ክፍያ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. በዓመት 10.26 ዶላር አድርጎታል፤ ከዚህ በታች የሚሸጥ ሁሉ ልዩነቱን ከኪሱ እየሸፈነ ነው። ሚሊዮን ደንበኛ ያለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ዓመት ኪሳራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ያካክሳል። ሠላሳ ደንበኛ ያለው ወጣት በዚህ መንገድ ቢሄድ ሁለተኛው ዓመት ሳይደርስ ሱቁን ይዘጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዓመት ዋጋ ከእነርሱ ጋር መፎካከርን መሞከር እንኳ አይገባም።

አብዛኛው ጀማሪ የራሱ ሰርቨር የለውም፤ ሪሴለር ነው። ሰፊ ቤት ተከራይቶ ክፍል በክፍል እንደሚያከራይ ሰው፣ ከአንድ ትልቅ አቅራቢ ቦታ በጅምላ ወስዶ እየከፋፈለ ይሸጣል። መነሻ ካፒታሉ ትንሽ ነው፤ ችግሩ ዋናው አከራይ ዋጋ ሲጨምር ወይም ሰርቨሩ ሲወድቅ ሪሴለሩ ማድረግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ለደንበኛው ግን ተጠያቂ እሱ ነው። ደንበኛው የሚያውቀው የቦንጋውን ልጅ እንጂ ጀርመን ያለውን ኩባንያ አይደለም።

የዚህ ጥገኝነት ዋጋ ቁልጭ ብሎ የታየው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሲፓነል የብዙ ሆስቲንግ ድርጅቶች መሥሪያ ሆኖ የኖረ ሶፍትዌር ነው፤ ዌብሳይት፣ ኢሜይልና ዳታቤዝ የሚከፈተውና የሚዘጋው በእሱ ነው። ቀድሞ ለአንድ ሰርቨር አንድ ዋጋ ተከፍሎ የፈለጉትን ያህል ደንበኛ መጫን ይቻል ነበር። ኦክሊ ካፒታል የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2018 ከገዛው በኋላ፣ በ2019 ክፍያው በአካውንት ቁጥር እንዲሆን ተደረገ፤ እስከ 100 አካውንት ለሚይዝ ሰርቨር በወር 45 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ በየአካውንቱ ተጨማሪ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ተደጋግሞ ከፍ ብሏል። በዓለም ዙሪያ በጠባብ ትርፍ ይሠሩ የነበሩ ትንንሽ ሆስቶች በአንድ ጊዜ ሒሳባቸው ተናጋ። ብዙዎቹ ወደ ዳይሬክትአድሚን ወይም በነጻ ወደሚገኙት ሄስቲያና ሳይበርፓነል ዞሩ።

ለቦንጋው ጀማሪ የምመክረው ከመነሻው በነጻው እንዲሠራ ነው። ሲፓነል የሚከፈልበት ዋናው ምክንያት ደንበኛው ራሱ ገብቶ እንዲያስተዳድር መመቸቱ ነው፤ የሆቴል ባለቤት ወይም የማኅበር ሊቀ መንበር ግን ገብቶ ኢሜይል አካውንት አይከፍትም። ስልክ ደውሎ «ለአዲሷ ጸሐፊ ኢሜይል ክፈትላት» ነው የሚለው። ደንበኛው ለማያየው መስኮት በየወሩ ዶላር መክፈል አያስፈልግም። የዌብሳይቱን ግንኙነት የሚያመሰጥረው የኤስኤስኤል ሰርተፊኬትም እንዲሁ ነው፤ ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጥ፣ ለተራ ዌብሳይት ሰርተፊኬት ብሎ ለብቻው ገንዘብ የሚያስከፍል አቅራቢ ደንበኛውን እየጎዳ ነው።

ዶላሩ

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ይህ በአንድ ትንሽ ሆስት ላይ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሰርቨር፣ ባክአፕና ልዩ ልዩ ፈቃድ ተደምሮ በወር 50 ዶላር፣ በዓመት 600 ዶላር ይወጣል እንበል። ሠላሳ ደንበኞች በዓመት 3,000 ብር ቢከፍሉ ገቢው 90,000 ብር ነው። ዶላሩ በ57 ሲሰላ ወጪው 34,200 ብር ስለሚሆን 55,800 ብር ይተርፋል። በ120 ሲሰላ ወጪው 72,000 ብር ይሆንና የሚተርፈው 18,000 ብር፣ ማለትም በወር 1,500 ብር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የስልክ፣ የኢንተርኔትና የግብር ወጪ አልተነሳም። የቀድሞውን ትርፍ ለማግኘት ከእያንዳንዱ ደንበኛ 4,260 ብር መጠየቅ አለበት። ደንበኛው ደግሞ የዓመቱን ክፍያ አስቀድሞ ከፍሏል፤ ውል መሀል ላይ ዋጋ ጨምር ማለት አይቻልም። ኪሳራው ሙሉ በሙሉ በአቅራቢው ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ዶላሩን ማግኘቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባንኮች ለውጭ አገር ክፍያ የሚሰጡት ካርድ መስፈርትና ገደብ አለው። ካርዱ ባንድ ምክንያት ሥራ ካቆመ የውጭው ኩባንያ የብሔራዊ ባንክ መመሪያን አይጠይቅም፤ ያልተከፈለበትን ሰርቨር ይዘጋል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ያጠፋዋል። ብዙዎች ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካርድ ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ይህም ሙሉው ድርጅት በሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ እንዲቆም ያደርገዋል።

መፍትሔው ከፊል ነው። ሰርቨሩን በዓመት አስቀድሞ መክፈል፣ ደንበኛን ስለ ምንዛሪ ለውጥ በውሉ ላይ በግልጽ ማስጠንቀቅ፣ የሚቻለውን ያህል ነጻ ሶፍትዌር መጠቀም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወጪውን ወደ ብር ማዞር ነው፤ ይህም ወደ አገር ውስጥ አቅራቢዎች ይወስደናል።

አዲስ አበባ ያሉት

አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደ ዊንጉ፣ ራክሲዮና ሬድ ፎክስ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል። እንደ የጋራ ሆስት፣ ሀሁ ክላውድና ዘርጋው ክላውድ ያሉ አቅራቢዎች በብር ይሸጣሉ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆስቲንግና የክላውድ አገልግሎት አለው። ለቦንጋው ጀማሪ እነዚህ ተፎካካሪም አቅራቢም ናቸው። ከእነርሱ በጅምላ ገዝቶ መሸጥ የዶላሩን ድንጋጤ ያለሰልሳል፤ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፣ ምክንያቱም እነርሱም መሣሪያቸውን የሚገዙት በዶላር ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ያለበት ቦታ ለብቻው መታየት አለበት። መስመሩን ይሸጣል፣ የዶት ኢቲ ስሞችን መዝገብ ያስተዳድራል፣ ሆስቲንግም ይሸጣል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሞ ገበያውን ለውድድር ከፍቷል፤ ሳፋሪኮምም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯል። ውድድሩ ግን እስካሁን በሞባይልና በዳታ ላይ ነው ያተኮረው። የአገሪቱን የኢንተርኔት ስም መዝገብ የሚይዝ አካል በዚያው ስም ላይ ከሚሠሩ ትንንሽ ነጋዴዎች ጋር በሆስቲንግ መወዳደሩ ትክክል አይመስለኝም። መዝገቡ ለብቻው ወጥቶ ለሁሉም ሻጭ በእኩል ዋጋና ሥርዓት ቢቀርብ የክልል ጀማሪዎች አንድ ትልቅ በር ይከፈትላቸው ነበር።

ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢሆን ወይስ ጀርመን የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በፍጥነት ስም ይነሳል። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ደርሶ መልስ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። እውነተኛው መንገድ በጂቡቲ ወይም በኬንያ ዞሮ ባሕር ስለሚሻገር ከዚህ በጣም ይረዝማል። ልዩነቱ አለ። ቦንጋ ላይ በስልክ ገጽ የሚከፍት ሰው ግን ከዚህ ይልቅ የሚቸገረው በገጹ ክብደት ነው። በስልክ የተነሳ 5 ሜጋባይት ፎቶ ሳይቀነስ ስድስት ሰባት ጊዜ የተለጠፈበት የሎጅ ዌብሳይት ሰርቨሩ ጎረቤት ቢሆንም አይከፈትም። ፎቶውን ወደ 200 ኪሎባይት ማውረድ ሰርቨር ከማዛወር የበለጠ ይጠቅማል፤ ደግሞም ምንም ወጪ የለውም።

በሌላ በኩል የደህንነትና የሕግ ጉዳይ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ደንግጓል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ያዛል። ሪሴለሩ «ሰርቨሩ የእኔ አይደለም» ብሎ ከዚህ ማምለጥ የሚችል አይመስለኝም። ሥራውን የጀመረ ወጣት ሁሉ እነዚህን ሁለት አዋጆች ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

የኢንተርኔት መቋረጥም ሊረሳ አይገባም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በዚያ ወቅት ሰርቨሩ ውጭ የነበረ ሰው ዌብሳይቱ ለውጭ ገዥዎች ይታይለት ነበር፤ ባለቤቱ ግን ገብቶ አንዲት ቃል ማስተካከል፣ የሚያልቅ ዶሜይን ማደስ አይችልም ነበር። ለዚህ የሚሆነው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ የደንበኛን ዶሜይን ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ሦስት ወር ሲቀረው ማደስ።

ደንበኛው የት ነው

እስካሁን ያየነው አቅርቦቱን ነው። ከባዱ ጥያቄ ፍላጎቱ ላይ ነው። ቦንጋ ላይ ባለ ሱቅ ወይም ባለ ምግብ ቤት ቀርቦ ዌብሳይት ልሥራልህ ያለ ወጣት የሚሰማው መልስ ይታወቃል፤ «ልጄ፣ ፌስቡክ አለኝ እኮ፤ ቴሌግራምም ከፍቻለሁ።» ሰውየው አልተሳሳተም። ደንበኞቹ እዚያው ከተማ ናቸው፣ ዋጋ የሚጠይቁት በቴሌግራም ነው፣ የሚከፍሉት በቴሌብር ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለትንሽ ነጋዴ ስልኩ ሙሉ የንግድ መሣሪያ ሆኖለታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሆስቲንግ ለመሸጥ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ለሰውየውም ደግ አይደለም።

ዌብሳይት በእርግጥ የሚያስፈልገው ገዥው ሩቅ ላለ ሰው ነው። ካፋ ውስጥ እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። የካፋ ጫካ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ ነው፤ ወፍ ሊያይ፣ ጫካ ሊዘዋወር፣ የማንኪራን ቡና ሊመለከት የሚመጣ እንግዳ ከአገሩ ሳይነሳ ማረፊያና አስጎብኚ ይፈልጋል። ቡናና ማር ወደ ውጭ የሚልኩ ማኅበራትና ነጋዴዎች አሉ። ከመንግሥት ውጭ የሆኑ የልማት ድርጅቶች አሉ። የግል ኮሌጆችና ክሊኒኮችም ይጨመራሉ።

እነዚህ ደንበኞች ጋ ሲደረስ ደግሞ አንድ ያልተጠበቀ ተፎካካሪ ቀድሞ ይገኛል፦ ውጭ አገር ያለ ዘመድ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለው የአጎት ልጅ በራሱ ካርድ ዶሜይንና ሆስቲንግ ገዝቶ በስጦታ መልክ ሰጥቷል። በፍቅር የተደረገ ነው፣ መጀመሪያም ይሠራል። ሦስት ዓመት ያልፋል። የዘመዱ ካርድ ጊዜው ያልፍና አውቶማቲክ እድሳቱ ይከሽፋል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው እሱ በማይከፍተው አሮጌ ኢሜይል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ስሙ ጊዜው ባለፈ በቀናት ውስጥ ዌብሳይቱ ይጠፋና የማስታወቂያ ገጽ ይተካበታል፤ በስሙ ላይ የተከፈቱት ኢሜይሎችም አብረው ይሞታሉ። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ እንዲታደስ ይፈቅዳሉ። ያ ካለፈ የ30 ቀን የመቤዠት ጊዜ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ለማስመለስ የመደበኛውን ብዙ እጥፍ መክፈል ግድ ነው። ከዚያ አምስት ቀን ይጠበቅና ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። ጥሩ ስም ከሆነ የወደቁ ስሞችን አድብቶ የሚጠብቅ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ይወስደዋል። በቡና ከረጢቱ፣ በቢዝነስ ካርዱ፣ በገዥው የአድራሻ መዝገብ ላይ የሰፈረው ስም የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ዌብሳይቱን ሠርቶ ስሙን በራሱ ኢሜይል የሚያስመዘግብ ባለሙያም ከዚህ አይለይም። ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ስልኩን ይቀይራል፤ ደንበኛው የራሱን ስም ቁልፍ ለማግኘት ወራት ይለምናል። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ደንበኛ «ዌብሳይት አልፈልግም» ቢል አይፈረድበትም።

የቦንጋው ጀማሪ ገበያ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዶሜይኑን በደንበኛው ስም፣ በደንበኛው ኢሜይልና ስልክ ያስመዝግብ። መግቢያውንና የይለፍ ቃሉን በወረቀት አትሞ ይስጥ። ይህን ያደረገ ሰው ደንበኛውን አስሮ መያዝ አይችልም፤ ነገር ግን በእነ ጎዳዲም ሆነ በአጎት ልጅ ያልተሰጠ ነገር ሰጥቷል። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ሲጠሩት በእግሩ ይመጣል።

ኢሜይል

ደንበኛ ስለ ዌብሳይቱ በዓመት አንድ ጊዜ ያማርር ይሆናል፤ ስለ ኢሜይሉ ግን በየሳምንቱ ይደውላል። ቡና ላኪ የዋጋ ማቅረቢያ ወደ ሃምቡርግ ይልካል፤ መልስ የለም። ከአሥር ቀን በኋላ ገዥው በዋትስአፕ «ምንም አልደረሰኝም» ይላል። መልእክቱ ስፓም ውስጥ ተቀብሯል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ርካሹ ሰርቨር ላይ ነው፤ በአንድ የአይፒ አድራሻ መቶዎች ይጋራሉ፣ ከመቶዎቹ አንዱ የተጠለፈ ዌብሳይት ኖሮት ቆሻሻ መልእክት ሲረጭ አድራሻው በሙሉ ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ላኪዎች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበትን መስፈርት አጥብቀዋል። ኤስፒኤፍ የትኛው ሰርቨር በዚህ ስም መላክ እንደተፈቀደለት ይናገራል፤ ዲኪም መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተነካ በፊርማ ያረጋግጣል፤ ዲማርክ ሁለቱ ካልተገኙ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ያዛል። ሦስቱም በዶሜይኑ መዝገብ ላይ የሚጻፉ አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለማያውቅ ድርጅት የጠፋ ኮንትራት ነው። የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ከባዶ ተክሎ ስሙን ማስከበር ግን ለጀማሪ አይመከርም። ኢሜይሉን ከታወቀ አቅራቢ ገዝቶ፣ ዌብሳይቱን ለብቻው አስቀምጦ፣ ሦስቱን መስመሮች በትክክል መጻፍ ይሻላል። ይህችን አንድ ሥራ ብቻ በደንብ የሚሠራ ሰው ለካፋ ላኪዎች ከማንኛውም የዲስክ ቦታ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ባክአፕን በተመለከተ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ አንዱ ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ የኢንተርኔት ጥናት ድርጅቱ ኔትክራፍት በጊዜው 3.6 ሚሊዮን ዌብሳይቶች ከአገልግሎት ውጭ እንደሆኑ ዘግቧል። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን እስከ መጨረሻው አጡ። ትልቅነት ዋስትና አይደለም። ቦንጋ ላይ ያለ ሆስት በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በሌላ ኩባንያ ሰርቨር፣ አንድ ደግሞ ቤቱ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢይዝ ከብዙ ግዙፎች የተሻለ ሰጠ ማለት ነው። ቅጂውን በየጊዜው መልሶ ከፍቶ መሞከርም አለበት፤ ተሞክሮ የማያውቅ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

የመንግሥት ቢሮዎች

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ ሲመሠረት ቦንጋ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አዳዲስ ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ሁሉም ለሕዝብ የሚያሳውቁት ነገር አላቸው። ጀማሪው ዓይኑን እዚህ ላይ መጣሉ ተፈጥሯዊ ነው። እኔ ግን በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሥራ መጀመርን አልደግፍም። የመንግሥት ዌብሳይት በጎቭ ዶት ኢቲ ስም፣ በመንግሥት መሠረተ ልማት ላይ መቀመጡ ተገቢ ነው። ግዥው በፕሮፎርማ ስለሚሄድ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ ክፍያው በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ወይ ይፈጸማል ወይ ለቀጣዩ ይተላለፋል። የሰርቨሩ ኪራይ ደግሞ ያንን አይጠብቅም።

ደህንነቱም ቀላል አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ውኃ ሙሌት ሲቃረብ ራሱን ሳይበር ሆረስ ግሩፕ ብሎ የሚጠራ ቡድን የአንዳንድ የመንግሥት ተቋማትን ገጾች ለውጦ መልእክት ለጥፎባቸው ነበር። በዚህ ዓይነት ጥቃት ቀድሞ የሚጎዳው ለወራት ያልታደሰ የዌብሳይት ሶፍትዌር (ዎርድፕሬስ ወይም ጁምላ) የተጫነበት የትንሽ ቢሮ ዌብሳይት ነው። ማደሱ የማን ሥራ እንደሆነ በውል ካልተጻፈ ማንም አይሠራውም። ወጣቱ ከቢሮዎች ጋር መሥራት ከፈለገ ሆስቲንጉን ትቶ የይዘትና የእድሳት ሥራውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ በአማርኛና በካፊኖኖ ጽሑፉን አዘጋጅቶ የሚለጥፍ ሰው አዲስ አበባ ካለ ድርጅት በቀላሉ አይገኝም።

የቡናው መረጃ

አንድ አዲስ ፍላጎት ሳልጠቅስ አላልፍም። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚመለከተው ደንብ፣ ቁጥር 2023/1115፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ እስከ ስድስት የአሥርዮሽ ቤት፣ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ደግሞ የዙሪያው ድንበር። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም አስመጪዎች መረጃውን ከአሁኑ እየጠየቁ ነው፤ የሰበሰቡትንም አምስት ዓመት መያዝ አለባቸው። የካፋ ቡና ገበሬ ማሳው ትንሽ ነው፤ አንድ ዩኒየን በሺህ የሚቆጠሩ አባላት መዝገብ መያዝ አለበት። ይህ መዝገብ የሰዎች ስምና የመሬት መረጃ ስለሆነ በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ በኤክሴል መቀመጥ የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን ያነበበ፣ ባክአፕ የሚይዝ፣ ማን ምን እንዳየ መዝግቦ የሚያስቀምጥ፣ የቀበሌውን ስም በትክክል መጻፍ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። አምስት ወይም ስድስት እንዲህ ያሉ ደንበኞች ከሠላሳ ተራ ዌብሳይቶች የበለጠ ገቢ ያመጣሉ፤ የአገር ውስጥ ሰርቨር መከራየትም ምክንያት የሚያገኘው ለእነርሱ ነው።

የሚቀረው ትልቁ ድክመት ድርጅቱ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ይታመማል፣ ሥራ ያገኛል፣ አገር ይለቃል። ጠንቃቃ ደንበኛ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ «አንተ ከሌለህ ማን ይነካዋል?» ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ሆኖ መጀመር፣ ወይም ጅማ ወይም ሚዛን አማን ካለ ባልንጀራ ጋር አንዱ የሌላውን ሰርቨር ማስተዳደር እንዲችል በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። በደንበኛው ውል ላይም አቅራቢው ሥራውን ካቆመ ምን እንደሚያስረክብ በግልጽ ይጻፍ፦ የዶሜይኑ መግቢያ፣ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ዕድሜ ያለው ሙሉ ባክአፕ፣ አገልግሎት ያልተሰጠባቸው ወራት ክፍያ፣ ይህም ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ።